የሁለተኛው ተጫዋች ተራ

ሟቹ የተገኘው በድምፅ መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ የጌም መሣሪያውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ላየው ሰው የሞተ አይመስልም፤ የቱን ወታደር ወዴት ላንቀሳቅስ እያለ የሚያስብ ነው የሚመስለው። እንግዳ ተቀባይዋም ያሰበችው ይህንኑ ነው። ስልክ ተደውሎለት ልትጠራው ገባችና «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሁሉ ከምሳ ተመለሰ እኮ!» ብላ ትከሻውን ነካ ብታደርገው ወደ ጎን ዘመመ። ጮኸች፤ ጩኸቷን ግን ማንም አልሰማም። የክፍሉ ግድግዳ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ ስለሆነ፣ ውስጥ ሰው ቢጮህም ቢሞትም ውጭ ላለው ያው ጸጥታ ነው።

ሰውየው ፕሮግራመር ነበር። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ፣ ሥራውም አንድ ነው፤ ሰው ሁሉ ትልቅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚጫወተውን አንድ ዝነኛ የጦር ስልት ጌም፣ በእጅ በምትያዝ መሣሪያ እንዲሠራ አድርጎ ማሳነስ። ጌሙ ጣት የሚያጣድፍ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጦሩን አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ሁሉም ነገር በተራ ነው። ሟቹ አንዷን ተራ ለመጫወት የሚወስድበት ጊዜ ተጋጣሚውን ያስረጃል እየተባለ ይቀለድበት ስለነበር፣ ቢሮው ውስጥ ስሙ «አባ ዝግታ» ሆኖ ቀርቷል።

ሻምበሏ ስትደርስ ሳጅኑ ነገሩን ጨርሶ፣ ጠቅልሎ ጠበቃት። ሻምበሏ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬ የት ገባ የምትል፣ ወፈር ያለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ዝግታዋን እንደ ድክመት የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ ብዙዎቹ እስር ቤት ናቸው።

«ሻምበል፣ ይሄ እንኳ እርስዎን የሚያደክም አይደለም» አለ ሳጅኑ። «ሐኪሙ አስም ነው የገደለው ብሏል። ከሸሚዝ ኪሱ የማይለየው፣ ሲያፍነው አፉ ውስጥ የሚነፋው የአስም ፓፉ ግን አጠገቡ የለም። የት ቢገኝ ጥሩ ነው? ታናሽ ወንድሙ መሳቢያ ውስጥ! ልጁ እዚሁ ነው የሚሠራው፤ ጌሙን እየተጫወተ ስህተት የሚፈልግ ነው። ጠዋት ተጣልተው፣ ቢሮው ሙሉ እየሰማ ‹ብትሞት ደስ ይለኛል› ብሎታል። ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

«ፓፉ ላይ አሻራ አለ?»

«የለም። ተጠርጓል።»

«ጥርግ አድርጎ ካጸዳው በኋላ ስሙ በተለጠፈበት መሳቢያ አስቀመጠው? ደግ ልጅ ነው፤ እንዳንደክም አስቦልን ነው።»

ሻምበሏ ጓንቷን አጥልቃ መሣሪያውን ከሟቹ እጅ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። የመሣሪያው ስክሪን መስተዋት ጠፍቶ ነበር። ቁልፉን ስትነካው በራ፤ ግን ጦርም ካርታም አልታየም። ጥቁር ገጽ ላይ በነጭ እንዲህ ተጽፏል፦ ተራው የሁለተኛው ተጫዋች ነው። መሣሪያውን አቀብል።

አብሯት የመጣው የፖሊስ የኮምፒውተር ባለሙያ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይህ እንደ መጋረጃ ነው፤ አዲሱ ተጫዋች ቁልፉን እስኪጫን ካርታውን ይሸፍናል» አላት። «ሰው ብቻውን ሲጫወት ማሽኑ ራሱ ስለሚመልስለት መጋረጃ አያስፈልግም። ሌላም ነገር አለ፤ ይህ የጌሙ አዲስ ስሪት ነው። መሣሪያው ላይ የተጫነው ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ከወጣ በኋላ ነው። ግልባጩ ሌላ የትም የለም።»

«እንግዲያው ስለ መጋረጃው ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ» አለች ሻምበሏ ሁለቱንም እያየች። «አንተ ደግሞ ይህንኑ ስሪት ሌላ መሣሪያ ላይ ገልብጠህ ስጠኝ።»

ከዚያ የሟቹ ጠረጴዛ ጋ ሄደች። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው። መስተዋቱን ሞልቶ የሚታየው የአንድ የጦር አዛዥ ካባ ነው፤ ከመተለቁ የተነሳ የጨርቁ እጥፋት ኮረብታ ያህላል። በአንዱ እጥፋት ውስጥ ጥፍር የምታህል ዓሣ ተሥላለች። ሻምበሏ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሥራው ማሳነስ የሆነ ሰው ምን አተልቆ እንደሚያይ ገርሟታል። የጌሙ አዛዦች በስሟ የሚታወቁላት የመሥሪያ ቤቱ ሠዓሊ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሌሎች ሥዕሎቿንም አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ሁሉም ጥግ ላይ ትንሽ ላባ አለ፤ ዓሣ ግን የለም።

ጣቢያ ስትመለስ የወንድማማቾቹ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቋት። አላለቀሱም። ዓይናቸው ደርቆ፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠመዘዙ፣ እንዳየቻቸው አንጀቷን በሏት።

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ ጉዳዩን የምትይዢው» አሉ። «ትልቁ ሞተ አሉኝ። እሺ። እግዜር ወሰደው አልኩ። ሲመሽ ደግሞ ገዳዩ ትንሹ ነው አሉኝ። ይሄን ምን ልበለው? ለአንዱ ማልቀስ ስጀምር በሌላው ላይ የመሰከርኩ እየመሰለኝ ማልቀስም አቃተኝ። ሬሳውን ውሰጂ ይሉኛል። እንዴት አድርጌ ነው የምቀብረው? ወንድሙን ጥዬ?»

«እማማ፣ ቤትዎ ገብተው ይረፉ።»

«እውነቱ ሳይታወቅ አልቀብረውም።»

ሻምበሏ ተስፋ መስጠት የማትወድ ሰው ናት። ያን ቀን ግን «እደርስበታለሁ» የሚለው ቃል ከአፏ አመለጣት፤ ካመለጣት በኋላም ሌሊቱን ሙሉ አስጨነቃት።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ታናሽ ወንድሙን አስጠራችው። ዓይኑ አብጦ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻምበሏ አዲሱ ስሪት የተቀዳበትን መሣሪያ፣ ጨዋታውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይህን ነገር የሚያስተምረኝ አጥቼ ነው» አለችው። «አብረን እንጫወት። አንተ ጀምር።»

ልጁ ያበደች ይመስል አያት። «ወንድሜ ሞቶ ጌም?»

«እየተጫወትክ ንገረኝ። በምን ተጣላችሁ?»

እጁ ከልምድ የተነሳ መሣሪያውን አነሳ። «በማይረባ ነገር። አዲሱን ስሪት ስጠኝ ልፈትሸው አልኩት፤ ለዛሬ ይቅር አለኝ። ምክንያቱን ንገረኝ ስለው ዝም። ሁልጊዜ እንደ ሕፃን ነው የሚያየኝ፤ ደሜ ፈላ። ያልኩትን ያልኩት ያኔ ነው።» አንድ ወታደር አንቀሳቀሰ። «ፓፉን እኔ አልነካሁም። ምሳ ሰዓት መናፈሻው ውስጥ ተቀምጬ ይቅርታ ልጠይቀው ስለማመድ ነበር። ማንም አላየኝም።»

«አዲሱን ስሪት ጭራሽ አላየኸውም? ምን እንደጨመረበትስ አልነገረህም?»

«ምንም።»

ተራውን ጨረሰ። ቁልፉን እንደተጫነ መሣሪያውን ከመቅጽበት ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው።

«ለምን ደፋኸው?»

«እንዳላይብዎት ነዋ። በትልቁ ኮምፒውተር እያንዳንዱ ሰው የየራሱ መስተዋት አለው። በዚህኛው ሁለት ሰው አንድ መሣሪያ ነው የሚቀባበለው። ተራዬን ስጨርስ ወዲያው የእርስዎ ጦር የተደበቀበት ይታያል። ስለዚህ ሳናይ እንደፋዋለን። እኛ ቢሮ ያልደፋ ሰው ሌባ ነው የሚባለው፤ አሁንማ እጃችን ራሱ ለምዶታል።»

ሻምበሏ መሣሪያውን ወደ ራሷ አዙራ አነሳችው። ወደ እሷ የዞረውን ጥቁር ገጽ ልጁ አላየም።

ቀጥሎ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ሥራ አስኪያጁን አገኘችው። ሰውየው ክራቫቱን አሥር ጊዜ ያስተካክላል፤ ሰዓቱን ያያል፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣል።

«ከሟቹ ጋር ጥሩ አልነበራችሁም ይባላል።»

«ማነው ያለው? እሺ፣ ተጨቃጭቀናል። ጌሙ ይውጣ እላለሁ፤ እሱ ገና ነው ይላል። ጌሙን ለሰው ቃል ገብቼበታለሁ! ግን እሱ ሞቶ ማን ይጨርስልኛል? ሞቱ ዱብ ዕዳ የሆነብኝ እኔ ነኝ።»

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«መኪናዬ ውስጥ። ስልክ ላይ። የሚጮሁብኝ ሰዎች ሲጮሁብኝ።»

«አዲሱን ስሪትስ አይተውታል?»

«ቢያሳየኝማ ምን ያጨቃጭቀን ነበር?»

እሱንም ተጫወት አለችው። እየተነጫነጨ ሁለት ወታደር ገደል አፋፍ ላይ ወስዶ ገተራቸው፤ ጨዋታው እንደማይሆንለት ያስታውቃል። ቁልፉን ተጭኖ መሣሪያውን ጧ አድርጎ ደፋው። ሻምበሏ «ቀስ ይበሉ፣ ይሰበራል» አለችው።

ሠዓሊዋን ያገኘቻት ሥዕል ክፍሏ ውስጥ ነው። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ጣቶቿ የማያርፉ ሴት ናት። የጌሙ አዛዦች ፊት በሙሉ በስሟ ነው የሚታወቀው፤ ጌሙን ያስወደደው ይኸው ሥዕል ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለ ሟቹ ስትጠየቅ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጓደኛዬ ነበር። ከዚህ ቤት ሰው ቢኖር እሱ ነው» አለች።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርሽ?»

«ሰገነቱ ላይ። ብርሃኑ ጥሩ ስለነበር ስሥል ነበር።»

«አዲሱን ስሪት አሳይቶሻል? ወይ ነግሮሻል?»

«አይ፣ አላየሁትም። ስለሱ ምንም አላወራንም።»

ሻምበሏ መሣሪያውን ሰጠቻት። እየተጫወተች ሳለ ወሬ ትጠይቃት ጀመር፤ ሥዕል መቼ እንደጀመረች፣ ማን እንዳስተማራት፣ ካባ መሣል ፊት ከመሣል ይከብድ እንደሆነ። ሠዓሊዋ እየመለሰች ጦሯን በጥንቃቄ አሰለፈች፤ ጥሩ ተጫዋች ናት። ተራዋን ስትጨርስ ቁልፉን ተጭና፣ ጥቁሩ ገጽ ሲመጣ አይታ፣ መሣሪያውን በሁለት እጇ አቀበለቻት። ሻምበሏ «አመሰግናለሁ» ብላ ተቀበለች። ከዚያ ስለ ካባው አንድ ሁለት ነገር ጠይቃት ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ታናሽ ወንድሙን ሁለት ፖሊሶች በካቴና አመጡት። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ከካቴናው ላይ ማንሳት አቅቶታል። እንግዳ ተቀባይዋ በር ሥር ቆማ ከንፈሯን ትመጥጣለች። እናትየው ደግሞ ማንም ሳይጠራቸው የፖሊሱን መኪና ተከትለው መጥተው ምድር ቤት ተቀምጠዋል፤ ሻምበሏ ስታልፍ አይታቸዋለች። የያዘችው ማስረጃ ከእጅ አመል የቀጠነ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሴትየዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ከካደች ይህ ልጅ መበላቱ ነው።

«አባ ዝግታ ሲሞት ብቻውን አልነበረም» ብላ ጀመረች። «ጨዋታው የሁለት ሰው ነበር፤ መሣሪያው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከመካከላችሁ አንዱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። ትንፋሹ ሲያጥረው ፓፉን ከኪሱ አውጥቷል። ያ ሰው ግን ወስዶበታል። ከሞተ በኋላ መሣሪያውን እጁ ላይ አስቀምጦ፣ ብቻውን ሲጫወት የሞተ አስመስሎ ወጣ።»

«ያ ሰው ይሄው» አለ ሥራ አስኪያጁ በአገጩ ወደ ልጁ እየጠቆመ።

«ይጠብቁ። የዚህ ቤት ሰው ተራውን ሲጨርስ መሣሪያውን ይደፋል። ይህ ሕጋችሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሦስታችሁም ጋር ተጫውቻለሁ። ልጁ ደፋው። እርስዎ ሊሰብሩት እስኪደርሱ ደፉት።» ወደ ሠዓሊዋ ዞረች። «አንቺ ግን እንደተገለጠ አቀበልሽኝ።»

ሠዓሊዋ ፈገግ አለች። «በወሬ ይዘውኝ ነው። ረሳሁት።»

«ብትረሺውማ የኔ ጦር ወለል ብሎ በታየሽ ነበር፤ ያኔ ትደነግጪ ነበር። አልደነገጥሽም። ምክንያቱም የታየሽ ጥቁር ገጽ ነው።» ሻምበሏ መሣሪያውን አንስታ ቁልፉን ተጫነችና ለሁሉም ዘረጋችው። «ይህን መጋረጃ ከእናንተ ውስጥ አይቶት የሚያውቅ አለ?»

ታናሽ ወንድሙ ካቴናውን እያንቃጨለ ብድግ አለ። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄ እኛ ጋ የለም!» ሥራ አስኪያጁም አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አያችሁ፣ አዲስ ነገር ሲመጣ ሰው ይሄ ምንድን ነው ይላል። ይህ አዲሱ ስሪት ነው። አባ ዝግታ ሁላችሁም ከወጣችሁ በኋላ አንዲት መሣሪያ ላይ ብቻ ጫነው፤ ያየው ከእሱ ሌላ በዚያ ክፍል አብሮት የተጫወተው ሰው ብቻ ነው። መጋረጃ ካለ መድፋት አያስፈልግም። ያን ቀን ደጋግመሽ ተቀብለሽ አቀብለሻል፤ እጅሽ ተማረ። ዛሬ ጠዋት ምላስሽ አላየሁም ሲል እጅሽ አይቻለሁ አለኝ።»

«እጅ! በእጅ አመል ሰው ሊያስሩ?» አለች ሠዓሊዋ። ድምፏ ግን ቀጥኗል።

«አይደለም። በዓሣዋ ነው።»

ሻምበሏ መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አባ ዝግታ ሥዕሎቹን ለትንሿ መስተዋት ሲያሳንስ፣ ምን እንደሚጠፋና ምን እንደሚቀር ለማወቅ መጀመሪያ አተልቆ ያያቸው ነበር። በአዛዡ ካባ እጥፋት ውስጥ ዓሣ አገኘ። ያንቺ ምልክት ላባ ነው። ሌሎቹንም አዛዦች አየ፤ ሁሉም ውስጥ ዓሣ አለ። የማን እንደሆነች ፈልጎ ደረሰበት። እኔም ዛሬ የተማርሽበት የሥዕል ትምህርት ቤት ደውዬ ነው የደረስኩበት። አብራሽ ስትማር፣ አብራሽ አንድ ቤት ስትኖር የነበረች ልጅ ናት። ታማ ስትሞት ሥዕሎቿ አንቺ ጋ ቀሩ። እናቷ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የልጃቸው ሥራ በስንት ሺህ ሰው እጅ እንደሚዞር አያውቁም።»

ሠዓሊዋ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ጣቶቿ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፉ።

«ራስሽ ንገሪያቸው ነው ያለኝ» አለች በመጨረሻ፣ ማንንም ሳታይ። «አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እየተጫወትን እናውራ አለኝ፤ እሱ ከባድ ነገር የሚያወራው እየተጫወተ ነው። ጌሙ ሳይወጣ ንገሪ፣ እኔም አብሬሽ እቆማለሁ አለ። አብሮኝ ሊቆም! እኔ ከዚያ በኋላ ማን ነኝ? ከዚያ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር። ፓፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ተራውን ሊጨርስ። እጁን ሲዘረጋ ፈቀቅ አደረግኩት። ትንሽ ነው ፈቀቅ ያደረግኩት። ከዚያ ዝም ብዬ ጠበቅሁ።»

«ከዚያስ?»

«ስወጣ ፓፉ እጄ ውስጥ ነው። ሰዎች ደረጃውን እየወጡ ነበር። ጠራርጌ ክፍት የነበረው መሳቢያ ውስጥ ጣልኩት። የማን እንደሆነ አላየሁም። በኋላ ሳውቅ ግን ዝም አልኩ።»

ታናሽ ወንድሙ «አንቺ!» ብሎ ሊያንቃት ተነሳ፤ ፖሊሶቹ ያዙት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሳጅኑ ሠዓሊዋን ይዟት ወጣ። ከሳጅኑ ፊት ላይ የትናንቱ ኩራት የለም፤ በሩ ላይ ቆም ብሎ «ሻምበል፣ እኔ እኮ...» አለና ቀሪውን ዋጠው።

ሻምበሏ ጎንበስ ብላ የልጁን ካቴና ራሷ ፈታችለት።

«ለምን እንደከለከለህ ታውቃለህ?» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አዲሱ ስሪት መግቢያ ላይ የሟቿን ሠዓሊ ስም ጽፎት ነበር። ሠዓሊዋ ራሷ ሳትናገር አንተ አይተህ፣ ነገር ውስጥ እንዳትገባ ብሎ ነው። እንደ ሕፃን አይቶህ አይደለም።»

ልጁን ከወለሉ አነሳችው። ደግፋው ደረጃውን አብረው ወረዱ።

ምድር ቤት እናቱ የእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ አንድ ሱፍ ልብስ ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። እጁን ሲያዩ ባዶ ነው፤ ካቴና የለም። ሻምበሏንም አላዩዋትም። ልጁ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል በክንዱ ይዘው አቆሙት።

«እማዬ፣ ብትሞት ደስ ይለኛል ብዬዋለሁ። የመጨረሻ ቃሌ ያ ነበር።»

እናትየው ፊቱን በሁለት መዳፋቸው ያዙ። እስካሁን ያልመጣው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ለሁለቱም በአንድ ላይ።

«ና» አሉት ሱፉን ክንዱ ላይ እያስቀመጡ። «ሌላ ሰው አያለብሰውም ብዬ ከልክያለሁ። ወንድምህን አንተ ታለብሰዋለህ።»